ጉጉት በዓረፍተ ነገር

እትዬ ቁልፍ ይሏታል። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም፤ በዚያ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትተክል ስለኖረች ቅጽል ስሙ ዋናውን ስም ውጦት ቀረ። እሷም ለምዳዋለች። ስልክ ደውላ «ማን ልበል?» ሲሏት እንኳ «ቁልፍ ነኝ» ብላ ታስቃለች።

በዚያ ዓመት ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የንባብ ትምህርት ከፈተ። ሥራ ሲያልቅ አሥራ አራት ሰው በምግብ አዳራሹ፣ ገና ተወልውለው እርጥበታቸው ባልደረቀ ጠረጴዛዎች ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እትዬ ቁልፍ ነበረች። «የልጄን መልእክት ራሴ ላንብብ ብዬ ነው» አለች ለጠየቃት ሁሉ። ልጇ ሌላ ከተማ ነርስ ስለሆነች ማንም አልጠረጠረም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሥራ ወንበሯ ፊት ለፊት ትልቅ የመስታወት ግድግዳ አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ የመቁረጫው ክፍል። እዚያ እንደ ሜዳ የረዘመ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፤ የካርቶን ቅርጽ ይቀመጥበትና ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፤ ከዚያ መቀሱ ይገባል። ዝርግ የነበረው ጨርቅ ዓይኗ እያየ ጀርባ ይሆናል፣ ትከሻ ይሆናል፣ እጅጌ ይሆናል። እሷ ዘንድ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ጠረጴዛ ስታይ ምራቋን ስትውጥ ኖራለች። ቆራጭ ለመሆን ግን የትእዛዙን ወረቀት ማንበብ ግድ ነው። የተመዘገበችው ለዚህ ነው፤ ለባሏም ለልጇም ግን ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ዓርብ መምህርቷ፣ ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ሰሌዳው ላይ «ጉጉት» ብላ ጻፈች።

«በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር የሚመሠርትልኝ ማነው?»

የበሩ ዘበኛ እጁን አወጣ። «ትናንት ዛፉ ላይ ጉጉት ስትጮህብኝ አመሸች።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። መምህርቷም አፏን በእጇ ሸፈነች። «አልተሳሳቱም፤ ወፏም በዚሁ ፊደል ነው የምትጻፈው። እኔ ያልኩት ግን የልብ ነገር ነው። አንድ ነገር በጣም ሲያምርዎት፣ ቀኑ አልደርስ ሲልዎት፣ እንቅልፍ ሲነሳዎት።»

«እንቅልፍማ የነሳችኝ እሷው ናት!» አለ ዘበኛው።

ሳቁ ጋብ ሲል የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። ቃሉን እስከ ሰኞ አምስት ጊዜ በጨዋታቸው ውስጥ ያስገባሉ፤ ከዚያ አንዱን ጽፈው ያመጣሉ።

እትዬ ቁልፍ ሥራ ማሳደር አትወድም። አውቶቡስ ላይ ገና እግሯን ስታስገባ ለትኬት ቆራጩ «በጉጉት ስንጠብቅህ ነበር» አለችው። «እኔም አንቺ ገብተሽ በሩን እስክዘጋ በጉጉት እየጠበቅሁ ነው» አላት። ጎረቤቷን ደግሞ ደረጃው ላይ አግኝታ ስለ ሴትዮዋ ልጅ ሠርግ «በጉጉት» ጠየቀቻት። ቤት ስትገባ ባሏ ሾርባ ያማስላል። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማዕድ ቤቱን ተረክቧል።

«የዛሬውን ሾርባህን በጉጉት ነው የምጠጣው» አለችው።

«ምን ነካሽ? ሁልጊዜ ጨው በዛ አይደል እንዴ የምትይው?»

«የቤት ሥራ ነው። ሦስት ሆነልኝ።»

«ልጃችን እሁድ ስትደውል በጉጉት ነው የምናነሳው። በይ፣ አራት በይ።»

«ያንተማ አይቆጠርም።»

«እሺ፣ ካንቺ ይምጣ። አንቺን የሚያጓጓሽ ምንድን ነው?»

ለጨዋታ ነበር የጠየቃት። እሷ ግን የምሯን መለሰች። «የመቁረጫው ክፍል» አለች። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻለችም፤ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ለምን ፊደል እንደቆጠረች ሁሉንም ነገረችው።

ባሏ ምድጃውን አጠፋና ተቀመጠ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረን እኔ ቁልፉን የምትወጂው ይመስለኝ ነበር።»

«አልጠላውም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብትስቅብኝስ?»

«ያኔ ቢሆን እስቅ ነበር» አለ፤ አልዋሻትም። «አሁን ግን ነገ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሥራው ግማሽ ቀን ነው። ሰዉ ሲወጣ የመስታወቱን በር ገፍታ ገባች። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም ጋሼ መቀስ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጠመኔ ይሰበስባሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ መሥራት እፈልጋለሁ። ማንበብ ተምሬያለሁ።»

እሳቸውም አንድ የትእዛዝ ወረቀት አቀበሏት። በጣቷ እየተከተለች «የወንድ ሸሚዝ... ረጅም እጅጌ... መጠን አርባ ሁለት...» እያለች ላብ በላብ ሆና ጨረሰችው። ጋሼ መቀስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አነበብሽ። ግን ማሽን ታዟል። በሁለት ወር ውስጥ ይገባል፤ ራሱ ለክቶ ራሱ ይቆርጣል። እኔንም ሊያሰናብቱኝ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ብትመጪ እጅሽን ይዤ ነበር የማስገባሽ።»

«ያኔ ማንበብ አልችልም ነበራ።»

«እኔ አነብልሽ ነበር» አሉ።

ይህ ከማሽኑም በላይ ጎዳት። ሽማግሌው ፊቷን አይተው ትልቁን መቀስ አነሱና በእጀታው በኩል ዘረጉላት። የተሰመረ ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ጀርባውን ቁረጪ። ስትቆርጪ ትንፋሽሽን አትያዢ።» መቀሱ ከገመተችው በላይ ከባድ ነው። ጨርቁ ግን ሲከፈት ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ጀልባ። ከአንገት ጀምራ ትከሻውን ዞራ እስከ ጫፍ ወረደች። ጋሼ መቀስ ቁራጩን አንስተው ወደ መብራቱ ያዙት። «ደህና ነው» አሉ። እሳቸው ደህና ካሉ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሰኞ ደብተሯ ላይ «የመቁረጫውን ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት በጉጉት አየሁት» ብላ ጽፋ አስረከበች። መምህርቷ ደጋግማ አነበበችው፤ የጎደለውን አራት ነጥብ ጨመረችና ደብተሩን በሁለት እጇ መለሰችላት።

ማሽኑ በቀጠሮው ገባ። ጋሼ መቀስ ተሸኙ፣ ቆራጮቹም ወደየክፍሉ ተበተኑ። እትዬ ቁልፍ ወንበሯ ላይ ቀረች። አንድ ቀን ግን ጨርቅ ገዝታ ቤቷ ወለል ላይ አነጠፈችና ለባሏ ሸሚዝ ቆርጣ ሰፋችለት። ግራ ትከሻው ትንሽ ወደቅ አለ፤ እሱ ግን ለብሶት ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሲመለስ እሷ አሁንም ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቁርጥራጩን ትሰበስባለች።

«ጠረጴዛ ላሠራልሽ?» አላት።

«እኔ የምፈልገው ረጅሙን ነው።»

ባሏ የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ ክፍሉን በእርምጃ መለካት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስተኛው ላይ ግድግዳ አገኘው። ዞር ብሎ አያት፤ አንገቷን ነቀነቀች፣ አይበቃም።

«በሩን ከፍተን ጫፉ ወደ ውጭ ቢወጣስ?» አለ።