የፕሮፌሰሩ ማዲያት

ፕሮፌሰሩ ማክሰኞ ጠዋት ደማቸው ይሞቃል። በዕለቱ የኮከብ ጥናት ክፍሉ ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ሥራቸውን ያቀርባሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ያቺን ሰዓት ሰው ያጠምዱባታል። ከኋላቸው «አጥማጁ» እንደሚባሉ ያውቃሉ። ስሙን እንደወደዱት ግን ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ሙያቸው የጥንድ ከዋክብትን ብርሃን መለካት ነው። እነዚህ ጥንዶች ሊነካኩ ትንሽ የቀራቸው፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እርስ በርስ ዞረው የሚጨርሱ ናቸው። አንዱ ሌላውን ሲጋርደው ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይደምቃል። ይህ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ሁለት ጉብታ ይወጣዋል። ጉብታዎቹ እኩል መሆን ሲገባቸው አንዳንዴ አንደኛው ዝቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መግነጢስ ነው። ተጠጋግተው እንደዚያ ሲሽከረከሩ መግነጢሳቸው ይወሳሰብና አንዱ ኮከብ ፊቱ ላይ ቀዝቀዝ፣ ጠቆር ያለ ቦታ ያወጣል። በክፍሉ ቋንቋ ይህ «ማዲያት» ይባላል።

ፕሮፌሰሩን የሚያበሽቃቸው ማዲያት የስንፍና መሸፈኛ መሆኑ ነው። ጉብታው ዝቅ አለ? ማዲያት ነው። ካሜራው ቆሽሾ ቢሆንስ? የለም፣ ማዲያት ነው። ስለዚህ አዲስ ተመራማሪ በተቀጠረ ቁጥር ማንም ሳያያቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገቡና ከአዲሱ ሰው ኮከብ አንድ ጉብታ ላይ ከመቶ ሦስት እጅ ብርሃን ይሸርፋሉ። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ «ማዲያት አገኘሁ» ባለ ዕለት ያልተነካውን ልኬት ከኪሳቸው መዘዝ ያደርጋሉ። ጠረጴዛውን ከሚከቡት ስድስት ተመራማሪዎች ስድስቱም በዚህ መንገድ አልፈዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም በሌላ ቴሌስኮፕ ሳያስመሰክሩ ማዲያት የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

ሰባተኛዋ ገና ሁለት ወሯ ነው። ቁጥብ፣ ጥያቄ የምታበዛ ልጅ ናት። ፕሮፌሰሩ ለእሷ የተሰጣት ኮከብ በክፍሉ የጥንዶች ዝርዝር ሰባተኛ ረድፍ ላይ መሆኑን ከድሮ ጀምሮ በቃላቸው ያውቁ ነበርና፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ገብተው ሰባተኛውን ሸረፉላት። ያልተነካውን ልኬት አትመው፣ ሳያዩት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በዚያው ሳምንት እርሳቸውንም ደስታ ጎበኛቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የተከታተሉት የራሳቸው ጥንድ አለ። እንዲህ የሚከንፍ ጥንድ ማዲያት አጥቶ አይኖርም እያሉ ቢጠብቁት፣ ቢጠብቁት፣ ጉብታዎቹ እኩል እንደሆኑ ዘመናቸው አለቀ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸው አንደኛው ጉብታ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልባቸው ቅቤ ጠጣ። በአምስት ቀን ጽሑፋቸውን ጨርሰው «የመጨረሻዬ ናት፤ ከዚህ በኋላ ሰላም ነው» ብለው ለጸሐፊዋ ሰጡ። የክፍሉን ጽሑፎች ወደ መጽሔት የምትልከው እሷ ናት፤ ለሃያ ዓመት አብራቸው የሠራች፣ ፊታቸውን የማትፈራ ሴት። ሐሙስ ዕለት «ላክሽው?» ቢሏት «እርስዎ ብቻ አይጨነቁ» አለቻቸው።

ማክሰኞ ደረሰ። መጀመሪያ ልጅቷ ታቀርባለች፣ ቀጥሎ ፕሮፌሰሩ። ከሁሉ ቀድመው ገብተው ወንበራቸውን አደላደሉ። ጸሐፊዋም እንደ ልማዷ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ?»

«ማዲያት፣ ጋሼ።»

ፕሮፌሰሩ ሳቃቸውን ለመዋጥ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። «ማዲያት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«የድሮ መዝገቦችን አየሁ። ዝቅ የሚለው ቦታ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ይጓዛል። የካሜራ እድፍ እንደዚያ አይጓዝም። እንዲያም ሆኖ ራሴን አላመንኩም፤ በሌላ ቴሌስኮፕ አስለካሁት። ያው ከመቶ አምስት እጅ ነው።»

«አምስት?» አሉ ፕሮፌሰሩ። እርሳቸው የሸረፉት ሦስት ነበር። ሌላው ቴሌስኮፕ ደግሞ እጃቸው የማይደርስበት ነው።

ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ሥር ዘረጉት። ሁለት እኩል ጉብታዎች። ልክ ናቸው፤ ግን የልጅቷ ኮከብ አይደሉም። ሃያ ሁለት ዓመት ያዩትን ጉብታ እንዴት ይስቱታል? ወረቀቱን መልሰው አጠፉት።

«ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያለው የማን ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። የኔ ስምንተኛ ሆኗል። ዝርዝሩ በፍጥነታቸው ቅደም ተከተል አይደል? በመጣሁ በሳምንቴ አንድ ፈጣን ጥንድ ከላይ ስላስገባሁ ሁሉም አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ።»

ፕሮፌሰሩ ከዚያ በኋላ ልጅቷ ያለችውን አልሰሙም። ሌሎቹ አጨበጨቡላት፤ እርሳቸውም አብረው አጨበጨቡ። ከዚያ ተራው የእርሳቸው ሆነና የሸረፉት ጉብታ ግድግዳው ላይ ገዝፎ በራ።

ቆሙ። ወረቀቱን ከእርሳቸው በቀር ያየው የለም። ሦስት ሳምንት ቢችሉ ጡረታ ነው። የመጨረሻ ጽሑፋቸው ይወጣል፣ ስማቸው በክብር ይሸኛል፤ ማዲያትም መጥቶ ስለሚሄድ፣ ወደፊት የሚለካ ሰው ቢያጣው ጠፍቷል ይላል እንጂ ማንን ይጠይቃል? ዓይናቸውን በጨው አጥበው ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ። ስድስቱን የቀድሞ ምርኮኞቻቸውን ግን አንድ በአንድ አዩአቸው። ለእነዚህ ሁሉ «በሌላ ቴሌስኮፕ አስለክተሃል? አስለክተሻል?» ብለው ያፈጠጡ ሰው፣ የራሳቸው ሲደርስ ከደስታ ብዛት ማንንም አልጠየቁም። አፈሩ፤ ከልባቸው አፈሩ።

«ይህን ጉብታ የሸረፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለእሷ ያዘጋጀሁት ነው። ረድፍ ተሳስቼ የራሴን ኮከብ ሸረፍኩ፤ ከዚያ ተቀምጬ አምኜው ጻፍኩለት። ማዲያት የለውም። ኖሮትም አያውቅም።»

ማንም አልሳቀም። ይህ ከሳቁ ይልቅ አስጨነቃቸው።

«ሳቁ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው ተመራማሪ ጠረጴዛውን እየደበደበ ዕንባውን ጠረገ። ፕሮፌሰሩ ሳቁ እስኪወጣላቸው ታግሠው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «በይ አሁኑኑ ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ጽሑፉን አንስቻለሁ በይ።»

«ጽሑፉ አልተላከም» አለች ጸሐፊዋ።

«ሐሙስ ጠይቄሽ...»

«አይጨነቁ ነው ያልኩዎት። ልኬዋለሁ አላልኩም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ኮምፒውተሩ ማን ምን እንደነካ ከነሰዓቱ ይመዘግባል፣ ጋሼ። እርስዎ የራስዎን ኮከብ እንደሸረፉ ሳይ ግራ ገባኝና ለእሷ ነገርኳት።»

«እሷስ?»

«ለእኛ» አለ ዕንባውን የጠረገው ተመራማሪ።

ፕሮፌሰሩ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ተናደው ነበር፤ ደስም ብሏቸው ነበር። ሃያ ዓመት ያሠለጠኗቸው ሰዎች ናቸው፤ ምን ይባላል? ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው።

«ቆይ፣ ዛሬ ዝም ብል ኖሮስ?» አሉ።

ሁሉም ጸሐፊዋን አዩአት።

«ከዚህ ስወጣ ልልከው ነበር» አለች። «ያልተነካውን ልኬት ኪሳችን ይዘን፣ ሁላችንም ተስማምተን።»