የዓሣ ነባሪው የበኩር ልጅ

«እኔ እኮ ነግሬያችኋለሁ! ዓሣ ነባሪውን ቀድሞ ያየው ሽማግሌው ሳው አይደለም!»

እትዬ ቡዎይ ይህን ማለት ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። የዓሣ ቅርፊት ሲፍቁም፣ ገዢ ዋጋ ሲሰብርባቸውም አፋቸው ላይ ያለችው እሷው ናት። ዛሬም አስጎብኚዋ ሉዋ ከሃኖይ የመጡ ጎብኚዎቿን አስከትላ በዓሣ ተራው ስታልፍ አላለፏትም።

«አይደለም እንዴ ሉዋዬ? አንቺም ብለሽዋል እኮ! አገር ሁሉ ሰምቶሻል!»

«እትዬ ቡዎይ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ።»

«ውይ! ዛሬ ደግሞ ጨዋ ሆንሽ?»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ሉዋ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

በኩዊ ኞን የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ዓሣ ነባሪ በስሙ አይጠራም፤ «አያታችን» ነው የሚባለው። ሞቶ ባሕሩ ሲተፋው ቀድሞ ያየው ሰው የበኩር ልጁ ይሆናል። ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ ሦስት ዓመት ያዝናል፤ ሰርግ አይሄድም፣ በቤቱም ሰርግ አይደገስም። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ አጽሙን ከተቀበረበት አሸዋ አውጥቶ በሩዝ አረቄ አጥቦ ቤተ መቅደስ የሚያስገባው እሱ ነው። ጋሼ ሳው ያን ጨርቅ ያሰሩት ልክ በሉዋ ሰርግ ሰሞን ነበር። የአባቷ የልብ ወዳጅ፣ ከአባቷ ጋር በአንድ ጀልባ ያረጁ ሰው፣ በሰርጓ ቀን አንድ ቅርጫት ሸርጣን ደጅ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። ሉዋም «ለክብር ሲል የወዳጁን ልጅ ሰርግ የተወ!» ብላ ቂም ቋጠረች።

ያ ቂም ነው ባለፈው ወር አፏን የከፈተው። ቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ጎብኚዎች ሰብስባ፣ ጓሮ የሚጠርጉትን ጋሼ ሳውን በአገጯ እየጠቆመች፣ «ይኸውላችሁ፣ ያልወለደውን አያት የሰረቀ ልጅ!» አለች። በሳቅ ፈረሱ። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለዓለም በተነው። ወሩ ደግሞ መረብ ባዶውን የሚወጣበት ወር ነበር፤ ሰፈሩ «አያታችንን ማን አስቆጣብን?» ብሎ ለባዶ መረቡ ጥፋተኛ ሲፈልግ ሉዋ አቀበለችው። ሽማግሌዎቹ ጋሼ ሳውን ጠርተው «ቀድመህ ያየኸው አንተ ነህ ወይ?» ሲሏቸው ጨርቁን ፈትተው አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ፕሌይኩ፣ ደጋ ላይ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። ባሕር የማይሸትበት አገር።

አጽሙ የሚታጠበው ዛሬ ነው። ሉዋ ጠዋት ጎብኚዎቿን ጥንታውያኑ የቻም ሰዎች ወደ ገነቧቸው መንትያ የጡብ ማማዎች ስትወስድ ሌላ ጊዜ የምታሳምረውን ወሬ ቶሎ ቶሎ ጨረሰችው። ቤተ መቅደሱ ሲደርሱ የሰፈሩ አለቃ አዛውንቱ ቾይ በበኩር ልጁ ቦታ ቆመዋል። አረቄውን ሲያፈሱ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ቀረ። አጥንቱ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ገባ። ጋሼ ሳው ፈትተው የሄዱትን ነጭ ጨርቅ ዕጣን ማጨሻው አጠገብ ለኮሱት።

ከጎብኚዎቹ አንዷ ወደ ሉዋ ጆሮ ጠጋ አለች። «ያ በቪዲዮው ያሳቅሽን ሌባ የቱ ነው?»

«ሌባ የለም» አለች ሉዋ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሴትዮዋ ግራ ገባትና ፎቶዋን ለማንሳት ዞረች።

ሉዋ አባቷ ቤት ስትደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። አባቷ ደጅ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ሥነ ሥርዓቱ ላይ አልመጡም፤ ወገቤን ብለው ነበር። ሉዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ነገ ፕሌይኩ እሄዳለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ጋሼ ሳው እግር ላይ ልወድቅ። በማላውቀው ነገር ሰው አዋረድኩ። ባይምሩኝም ልሂድ።»

አባቷ መርፌውን መረቡ ላይ ሰኩት። «ቡዎይ ግን እውነቷን ነው» አሉ።

«ምን?»

«ቀድሞ ያየው ሳው አይደለም።»

ሉዋ ከትከሻዋ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰላት። አልዋሸችም! ማንንም በሐሰት አልወነጀለችም! ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች። አባቷ ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ታዲያ ማነው ያየው?»

«እኔ።»

«አባዬ!»

«ጎህ ሲቀድ ነው ያገኘሁት። አሸዋው ላይ ተንጋሎ፣ ገና ዓይኑ አልፈዘዘም። አንቺን ለመዳር አሳማው ተገዝቷል፣ ጥሪው ተበትኗል። እኔ ጨርቅ ካሰርኩ ሦስት ዓመት ድግስ የለም። ያንቺ አማቾች ሦስት ዓመት ይጠብቁ ነበር? እያለቀስኩ ሳው ቤት ሄድኩ።»

«ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋቸውስ? እዚያው ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ። በዓይኑ ዝም በል አለኝ።»

«አንተም ዝም አልክ!»

«አልኩ።» መረቡን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡት። «አሁን ብናገርስ? ጨርቁ አመድ ሆኗል። አጽም ሁለት ጊዜ አይታጠብም።»

ሉዋ የሸርጣኑ ቅርጫት ትዝ አላት፤ አንዱን እንኳ አልቀመሰችውም፣ በንዴት ለጎረቤት ሰጥታዋለች።

«ያን ዕለት ቤታቸው ስትሄድ ምን አሉህ?» አለች።

«ሳቀብኝ። ‹አንተ ሞኝ፣ ምን ያስለቅስሃል? እኔ የምድራት ልጅ የለኝም። አንተ ሉዋን ዳር፤ እኔ አያታችንን ላልቅስለት› አለኝ።»