ፍየሎች የበሉት ፊደል

እሁድ ጠዋት የኮሌጁ ዘበኛ የቀርከሃውን አጥር ዞሮ ሲመጣ፣ የመርጃ መሣሪያ ክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አንዲት ቀይ ፍየል ደጃፉ ላይ ቆማ «ሀ»ን ስታኝክ አገኛት። ጓደኞቿ ውስጥ ነበሩ። የመምህርነት ሠልጣኞቹ ወሩን ሙሉ ካርቶን ላይ ፊደል እየጻፉ፣ በፊደሉ ላይ በቆሎና ማሽላ በኮላ እየለጠፉ የሠሩት ሁሉ ፍየል ሆድ ገብቷል። ያልተበላው ተረግጧል።

ተማሪው ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሥራው ማርክ የሚያዝበት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ትቶ ቶኩማን ፈለገ።

ቶኩማ ኢተፋ የባምባሲ ገበሬ ልጅ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪና የክፍሉ ተጠሪ። ተጠሪ የሆነው አንደበት ስላለው ሳይሆን እምቢ ማለት ስለማይሆንለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ያስገባውና ቁልፉን ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ ለወይዘሮ ብዙወርቅ የመለሰው እሱ ነበር። በሩን ቆልፏል። ቆልፎም እጀታውን ገፋ አድርጎ ሞክሯል። ሲሞክር ያየለት ሰው ግን አልነበረም።

በሳምንቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራው። ሰብሳቢው የአማርኛ አስተማሪው መምህር በቃሉ ነበሩ። በጠረጴዛው ጫፍ ወረቀት ዘርግተው የተቀመጡት ጸሐፊዋ ደግሞ ራሳቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ ናቸው፤ እጅ ጽሑፋቸው ስለሚያምር የኮሌጁ ስብሰባ ሁሉ ያለ እሳቸው አይጻፍም። ቶኩማ ወንበር ስላልተሰጠው ከእሳቸው ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ቁልፉን መልሻለሁ» አለ ሲጠየቅ።

«ለማን?»

«ለእትዬ ብዙወርቅ።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ቁልፉንማ መልሷል። ይቆልፍ አይቆልፍ እኔ በምን አውቃለሁ? ከዚያ በኋላ ወደዚያ አልሄድኩም» አሉና የተናገሩትን ራሳቸው ጻፉት።

ቀጥላ ሀምዲያ ገባች። ሀምዲያ ከኩርሙክ የመጣች፣ በቤቷ በርታኛ የምትናገር የቶኩማ የክፍል ጓደኛ ናት። ያን ቅዳሜ ከመርጃ መሣሪያ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ማንጎው ሥር የታጠበ ልብሷን ስትሰበስብ ነበር።

«ከዚያ ክፍል መጨረሻ ላይ ሲወጣ ያየሽው ሰው እዚህ አለ?» አሏት መምህር በቃሉ።

ሀምዲያ በታላላቆች ፊት ጣት መቀሰር ስለሚያሳፍራት አገጯን ብቻ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ከፍ አደረገች። «አለ። እሱ ነው። ቁልፍ ይዞ ወጣ፣ በሩ ደግሞ…»

«ይበቃል። መሄድ ትችያለሽ።»

ቶኩማ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃት?»

«የምንጠይቀው እኛ ነን» አሉ መምህር በቃሉ።

ውሳኔው በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ተማሪ ቶኩማ ኢተፋ በቸልተኝነት በደረሰ ጥፋት ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታግዷል፤ ቅሬታ ካለው ለዲኑ ይግባኝ ማለት ይችላል። ቶኩማ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ደጋግሞ አነበበው። እናቱ ጸሐይነሽ ልጇ ዘንድሮ መምህር እንደሚሆን ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። አባቱ በበኩሉ፣ ቶኩማ በመሐል አቋርጦ ከመጣ ማረሻ እንደሚያስይዘውና ዳግመኛ ወደ ትምህርት እንደማይመልሰው ቁርጡን ነግሮታል። አንድ ዓመት ማለት ለእሱ አንድ ዓመት ብቻ አልነበረም።

«በል ይግባኝህን ጻፍ» አለው የመኝታ ክፍል ጓደኛው ዮሚፍ። «አንተ በአፍህ አይሆንልህም። በጽሑፍ ግን ፊደል አትስትም።»

ቶኩማ ጻፈ። ሁለት ነጥብ ነበረው። የመጀመሪያው፣ ቁልፉ በእጃቸው የነበረ ሰው የጉዳዩ ጸሐፊ መሆን አልነበረባቸውም። ሁለተኛው፣ የመሰከረችበትን ልጅ የመጠየቅ ዕድል አላገኘም። ወይዘሮ ብዙወርቅን ዋሽተዋል አላለም፤ መዋሸታቸውንም አላወቀም። ጽሑፉን ለዲኑ ጸሐፊ ሰጠ።

ከዚያ ወዲህ ሀምዲያን ሰላም አይላትም። እሷም ለምን እንደተኮሳተረባት ሳይገባት፣ ሲመጣ ባየችው ቁጥር መንገድ ትለውጥ ጀመር።

የይግባኙ ቀን ሳይደርስ ቶኩማና ዮሚፍ ካፍቴሪያ ተቀምጠው ሳለ፣ ሀምዲያ ባንኮኒው ላይ ቆማ ሻይ ስትጠብቅ አዩ። ሻይ የምትቀዳው ስርጉት ነበረች፤ ጸጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች።

«ከፍለሻል?» አላት ገንዘብ ተቀባዩ።

«ከፈልኩ ወላሂ። እሱ ነው ሻይ ያልሰጠኝ» አለች ሀምዲያ፣ በአገጯ ወደ ስርጉት እያሳየች።

ስርጉት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ዛሬም ወንድ አደረግሽኝ? እንግዲያው ሚስት ፈልጊልኝ።»

ካፍቴሪያው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ከኋላ «እሱ ቆንጆ ነው!» ብሎ ድምጿን አስመሰለ። ሀምዲያ ሻይዋን ሳትቀበል ወጣች። ያልሳቀ ቶኩማ ብቻ ነበር። ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አለው ዮሚፍ።

«ስርጉትን እሱ አለቻት።»

«ሁሉንም እኮ ነው እሱ የምትለው። ዛሬ ነው የሰማኸው?»

ቶኩማ ዳቦውን አስቀምጦ ተከትሏት ወጣ።

ማንጎው ሥር ደረሰባት። ገና አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው።

«አንተም ልትስቅ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም። ሀምዲያ፣ ያን ቅዳሜ ከክፍሉ ሲወጣ ያየሽው እኔን ነው?»

«አንተን?» አለች ግራ ተጋብታ። «አንተን የት አየሁ? እሱን ነው ያየሁ። ያ የሚጽፍ። ነጠላ የለበሰ። ስልክ እያወራ ወጣ፣ በሩን ረሳ።»

ቶኩማ የማንጎው ሥር ላይ ተቀመጠ። ሳቅም ልቅሶም መጣበት። «ለዚህ ነው እኮ የታገድኩት» አላት። «እሱ ስትይ እኔ መሰልኳቸው።»

እሷ ቶኩማ የታገደው ጥፋቱን አምኖ መስሏት ነበር።

«በእኛ ቋንቋ እሱም እሷም አንድ ቃል ነው» አለች። «አውቃለሁ፣ አማርኛ ይለያል። ስጽፍ እለያለሁ። ስናገር ግን ከአፌ የሚወጣው እሱ ነው።»

«ይህን ለዲኑ ብትነግሪያቸው…»

«መምህር በቃሉም እዚያ አለ?»

«አሉ።»

«ማስተማር ልምምድ ላይ ማርክ የሚሰጠኝ እሱ ነው። እሱና እሷ የማይለይ መምህር ልጆችን ምን ያስተምራል ይላል። ካፍቴሪያ ሲስቁ እችላለሁ። እዚያ ከሳቁ ግን አልችልም፣ ቶኩማ።»

ቶኩማ ያውቀዋል ይህን። እሱ ራሱ አንደኛ ዓመት እያለ አማርኛው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል ተብሎ ወሩን ሙሉ አፉን ሳይከፍት ሰንብቷል። ሊለምናት የመጣበትን ተወው።

«እሺ» አላት። «ካልፈቀድሽ እኔ አላነሳውም።»

ማታ ለዮሚፍ ሲነግረው ዮሚፍ ትራሱን ወረወረበት። «አንተ ሰው፣ የሚያድንህን ነገር እጅህ ላይ ይዘህ? ለማን ብለህ?»

«እንድትነግረኝ እኔ ነኝ የጠየቅኋት። አምናኝ ነገረችኝ።»

«እና ባምባሲ ሄደህ እረስ!» አለና ፊቱን አዞረ። ሲነጋ ግን የራሱን የተተኮሰ ሸሚዝ አልጋው ላይ አስቀምጦለት ሄደ። ለይግባኙ እንዲለብሰው ነው።

ዲኑ አቶ ስለሺ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሰው ናቸው። በቀኛቸው መምህር በቃሉ፣ በግራቸው ከሌላ ክፍል የመጣ ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ብዙወርቅ ዛሬ ወረቀት የላቸውም፤ እንደ ባለጉዳይ ፈንጠር ብለው ወንበር ይዘዋል። ለቶኩማም ወንበር ነበረው። ገና ሳይናገር ይህ ብቻ ደረቱን ቀለል አደረገለት።

«ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ» አሉ ዲኑ። «ስለ ጸሐፊዋ ያልከው ትክክል ነው፤ ያ መሆን አልነበረበትም። ጥያቄ መከልከልህም አግባብ አይደለም። ነገር ግን አንድ ያስቸገረኝ ነገር አለ። ምስክሯ አንተን አይቻለሁ ብላለች። ቢፈቀድልህ ምን ልትጠይቃት ነበር?»

ቶኩማ መሬት መሬቱን አየ።

«ተናገር እንጂ፣ ልጄ። ለዚህ አይደል ይግባኝ ያልከው?»

«ጌታዬ፣ እሷ ካልፈቀደች እኔ ልናገረው የማልችለው ነገር ነው።»

መምህር በቃሉ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «እንግዲህ ያው ነው» አሉ። «የሚጠይቀው ነገር ከሌለው ውሳኔው…»

በሩ ተንኳኳ። ሳይፈቀድላት ሀምዲያ ገባች። ሻርፗን አጥብቃ ይዛለች።

«አልተጠራሽም» አሉ ዲኑ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

«አውቃለሁ። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። እሱ ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለ» አለችና ወደ ቶኩማ ዞረች። «አሁን እሱ ያልኩት ይሄንን ነው። ይሄ ወንድ ነው፣ እሱ ነው። ያን ቀን ግን እሱ ያልኩት… እኔ ሰው ሁሉ እሱ ነው የምለው። እናቴንም እሱ እላለሁ። በእኛ ቋንቋ አንድ ነው። ያን ቀን ያሳየሁት ቶኩማን አይደለም። የሚጽፈውን ነው። እትዬ ብዙወርቅን።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሀምዲያ ሳቁን ጠብቃ፣ ጠብቃ ሲቀር ቀጠለች። «ነጠላ ለብሶ ነበር። ስልክ ያወራ ነበር፣ እልል ይል ነበር። በሩን አልዘጋም። እኔም ደስ ብሎታል ብዬ አየሁ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እልል?» አሉ ቀስ ብለው። «እውነቷን ነው። ልጄ ከቡለን ደውላ… ወለድኩ ብላኝ ነበር። ጠመኔ ልወስድ ገብቼ ነበር ማለት ነው። ወይ እኔ! በእናቴ፣ መግባቴን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሙሉ እንደ ሰከረ ሰው ነበርኩ።» ወደ ቶኩማ ዞሩ። «ልጄ፣ አውቄ አላደረግሁብህም። እሱ ነው ስትል ግን እንኳን እኔን አላለች ብዬ እፎይ ማለቴን አልደብቅህም። ያ እፎይታ ምን እንደነበር ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ምንም አይደለም፣ እትዬ። እንኳን ማርያም ማረቻቸው» አለ ቶኩማ። ከአፉ የወጣለት ይኸው ነው። ከልቡም ነበር።

ዲኑ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ወደ መምህር በቃሉ ተመለከቱ። መምህር በቃሉ ፊታቸው ቀልቷል።

«ሀምዲያ» አሉ፤ «ሦስት ዓመት አስተምሬሻለሁ። እሱ እንደምትይ አውቃለሁ፤ ስንቴ ቀይ እስክሪብቶ ጨርሼብሻለሁ። ያን ቀን ግን ማንን ነው ብዬ አልጠየቅሁሽም። ልጁ ልጠይቅ ሲልም ከለከልኩት። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ያንቺ ሰዋስው አይደለም።» ከዚያም ጨመሩ። «ለማስተማር ልምምድሽ ደግሞ አትስጊ። ዛሬ እዚህ ገብቶ የሚናገር ሰው ክፍል ፊት መቆም አያቅተውም።»

ዕገዳው እዚያው ተነሣ። ካርቶኖቹን ክፍሉ በሙሉ በአዲስ እንዲሠራ፣ በቆሎውንና ኮላውን ንብረት ክፍል እንዲያቀርብ ተወሰነ። ወይዘሮ ብዙወርቅም ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ፊደል እንደሚለጥፉ በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ዲኑ «የምትጨምረው አለ?» ብለው ሲጠይቁት፣ ቶኩማ ሳምንቱን ሙሉ በልቡ ሲያሰናዳ የከረመውን ክርክር ተወው። ተነሥቶ ለእያንዳንዳቸው እጅ እየነሣ አመሰገነ። ለመምህር በቃሉም ጭምር።

ሀምዲያ ግን ቀድማ ወጥታ ነበር። ግቢው መሐል ደረሰባት።

«ሀምዲያ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለምን? ያሳገድኩህ እኮ እኔ ነኝ።»

«ያስመለስሽኝም አንቺ ነሽ።»

አሰበችና «ልክ ነው። እንግዲያው አመስግን» አለች፤ አልሳቀችም፣ ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር። ሮጣ ክፍል ገባች።

ቶኩማ ለእናቱ ደወለ። ጸሐይነሽ ነገሩን ከመጀመሪያው አስጀምራ ሰማችው። ፍየሎቹ ጋ ሲደርስ ሳቀች፤ ልጅቷ በሩን ከፍታ የገባችበት ላይ ሲደርስ አለቀሰች።

«አመሰገንካት?»

«አዎ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በአማርኛ ነዋ፣ እማዬ።»

«እሷ በሚከብዳት ቋንቋ ስላንተ ተናገረችልህ። አንተ በሚቀልህ አመሰገንካት?» አለችው። «ሂድና በእሷ ቤት እንዴት እንደሚባል ጠይቃት። በዚያው በላት። ከእኔም ጭምር።»

ከክፍል እስክትወጣ በረንዳው ላይ ጠበቃት። ሲጠይቃት ቆም ብላ አየችው፤ ሊቀልድባት እንዳልሆነ ስታውቅ ቃሉን ነገረችው። ቶኩማ ሞከረው። ተማሪዎች እያለፉ ነበር፤ ፊቱ ጋለ።

«አይደለም» አለች ሀምዲያ። «እንደገና።»

እንደገና አለው። ሀምዲያ ደብተሯን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ደብተሯን አውርዳ፣ አፏን ቀስ አድርጋ እየከፈተች አሳየችው፤ ቶኩማም ያን ያህል ሰው እያየው፣ ቃሉ እስኪገራለት ድረስ ከእሷ ጋር ደጋገመው።