ሐሚድ በጉባኤ የመሰከረው

አሚን ተቀብሮ ሐዘንተኛው ገና ሳይበተን፣ ታላቅ ወንድሙ ሐሚድ በሬዎቹን ጠምዶ የሟቹን የወንዝ ዳር መሬት አረሰው። ሙሀባ ባሏን አፈር ያለበሰችበት ሳምንት ነበርና ለጠብ አቅም አላገኘችም። ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው።

ቆይታ ስትጠይቀው መሬቱ የአባቱ እንደሆነ፣ አሚንም በእሱ ቸርነት ሲያርሰው እንደኖረ ነገራት። የመሬቱ ይዞታ ደብተር ገና በአባታቸው ስም ነበር። ሽማግሌ ላከች፤ ሽማግሌዎቹ የሐሚድን ምሳ በልተው ተመለሱ። ፍርድ ቤት ከሰሰች። መሬቱ የአሚን ድርሻ መሆኑን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም፤ ግን ሐሚድ የቀበሌው ካቢኔ አባልና የመስኖ ውኃ አከፋፋይ ነው። በእሱ ላይ የመሰከረ ሰው ሽንኩርቱ በማሳው ላይ እንደሚደርቅ ያውቃል። አብዱልወሃብ የተባለው የድንበር ጎረቤቷ እንኳ፣ ከአሚን ጋር አብሮ ያደገው፣ በቀጠሮው ቀን ማጀቴ ገበያ ሄደ ተባለ። ክሱ በምስክር እጦት ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሙሀባ ከዚያ ወዲያ የሰው ሽንኩርት እያረመች፣ እንጨት ለቅማ ሸዋ ሮቢት እየሸጠች ልጇን ያስሚንን ታሳድግ ጀመር። ያስሚን የሚጥል በሽታ አለባት። ከጤና ጣቢያ የሚታዘዝላትን ኪኒን ሳታቋርጥ ከዋጠች እንደ ማንኛዋም ልጃገረድ ውላ ትገባለች፤ ኪኒኑ ካለቀ ግን የት እንደምትወድቅ አይታወቅም። የእናቷ እንጨት ባልተሸጠ ቁጥር ኪኒኑም ያልቅ ነበር።

ማሽላው ሳያፈራ በደረቀበት በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት የጤና መድን ወደ ቀበሌው መጣ። ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚያ ቆላ የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቆንጅት ቤት ለቤት እየዞረች አስረዳች። አቅም ያለው መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያ ይይዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ከነቤተሰቡ ይታከማል። የድሃ ድሃ ለተባለው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ድህነቱን ግን ሕዝብ ተሰብስቦ ማጽደቅ አለበት።

“ሰው ፊት ቆሜ የድሃ ድሃ ነኝ ልበል?” አለች ሙሀባ።

“እርስዎ ምንም አይሉም፣ እትዬ ሙሀባ። ስምዎ ይጠራል፤ የሚቃወም ከሌለ አለቀ።”

የሚቃወመውን ሙሀባ ታውቀዋለች። ቢሆንም ለያስሚን ስትል ስሟን አስመዘገበች።

ጉባኤው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ከኩርኩራው ዛፍ ጥላ ሥር ተደረገ። ሊቀ መንበሩ ደምመላሽ ስም ይጠራል፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ዓይነ ስውሩ አለፈ፤ ጧሪ የሌላቸው አሮጊት አለፉ። የሙሀባ ስም ሲጠራ ግን ሐሚድ ሽርጡን አራግፎ ተነሣ።

“ይቺ ድሃ አይደለችም” አለ። “ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማ መሬት አላት። ባለ መሬት ሆና የድሆችን ድርሻ ልትቀማ ነው የመጣችው። እንዲህ ያለውን ብንደግፍ መንግሥትን ማታለል ነው።”

ሙሀባ መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ አፈር ዘግና ፊቱ ላይ መበተን ነበር። ከዚያ የተናገረው ነገር ቀስ ብሎ ገባት። የባሏ ታላቅ ነውና ይህን ሁሉ ዓመት በጠብ መካከል እንኳ አንቱ ስትለው ኖራለች።

“እስቲ ድገመው” አለችው። “መሬቱ የማን ነው አልክ?”

ሐሚድ በወንዶች ፊት አንተ መባሉ አንገበገበው። “ያንቺ ነዋ” ሲል ጮኸ፤ “የአሚን ድርሻ አይደል? ከሱ ሌላ ማን ወረሰው? እንግዲህ ምን ቀረሽና ነው የምትለምኚው?”

ከኋላ አንዱ ሳቁን ሳል አስመስሎ ለቀቀው። የሐሚድ ፊት አመድ መሰለ። ሙሀባ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረች።

“ጋሼ ደምመላሽ፣ ያለው ቃል በቃል ይጻፍልኝ። እኔም ስሜን ከዝርዝሩ አውጥቻለሁ። ድሃ አይደለሁም፣ ባለ መሬት ነኝ።”

ሐሚድ ተናድጄ ነው፣ መሬቱስ የእኔ ነው ማለት ጀመረ። ቆንጅት እንደዚያ ከሆነ ሙሀባ መሬት የላትም ማለት ነውና ትመዝገብ አለች። ሐሚድ ወዲያም ወዲህም ማለት አቃተው። ደምመላሽ እንዲጻፍ አዘዘ። ሐሚድ ሲወጣ አጠገቧ ቆም ብሎ፣ “ወላሂ ታለቅሻለሽ” አላት።

ቆንጅት መንገድ ላይ ተከትላ ለመነቻት፤ ፍርዱ ይዘገያል፣ ለዚህ ዓመት መታወቂያውን ይውሰዱ አለቻት። ሙሀባ ግን መታወቂያውን ከያዝኩ መሬት የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ ማለት ነው ብላ እንቢ አለች።

ክሱ በቃለ ጉባኤው ምክንያት እንደገና ሲንቀሳቀስ በልጉ ገባ። የያስሚን ኪኒን አለቀ። አንድ ረፋድ ሙሀባ ከእንጨት ለቀማ ስትመለስ ልጅቷን ምድጃው ላይ ወድቃ አገኘቻት። ግራ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። ቆንጅት ቁስሉን አጥባ ስታሽግላት፣ ያስሚን ወደ ጣሪያው እያየች ጠየቀች።

“እማ፣ መሬቱ ከእኔ ይበልጥብሽ ነበር?”

ቆንጅት ቀና ብላ ሙሀባን አላየቻትም።

ፍርድ ቤት በዚህኛው ጊዜ ምስክር አልጠፋም። ጉባኤ የዋለ ሁሉ አልሰማሁም ማለት አይችልም፤ አብዱልወሃብም እንኳ ቀረበና የሙሀባን ዓይን ሳያይ እውነቱን ተናገረ። መሬቱ ተፈረደላት። ልትረከብ ስትሄድ ሐሚድ ቀድሟት አሚን የተከላቸውን ማንጎዎች ከሥራቸው ቆርጦ፣ ቦዩንም በድንጋይ ደፍኖ ጠበቃት። ድንጋዩን በገዛ እጇ እያነሣች ከፈተችው። ሐምሌ ላይ ማሾ ዘራች፤ ማሾው ያዘላት። ቀጣዩ ምዝገባ ሲመጣ መዋጮዋን ማንንም ሳትለምን ከፈለችና በመታወቂያው ላይ የእሷና የያስሚን ፎቶ ተለጠፈ።

በዚያው ዓመት ያስሚንን ይዛ ለኪኒን ጤና ጣቢያ ስትገባ ሐሚድን ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አየችው። ስኳር በሽታ ይዞት አንገቱ ቀጥኗል። እሱም መታወቂያውን በእጁ ይዟል። ሲያያቸው ወደ ዳር ተጠጋና በተለቀቀው ቦታ ላይ እጁን አሳረፈ።

“ተቀመጡ” አለ።

ያስሚን ደክሟት ነበርና ሄዳ አጎቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጠባሳ ያለበትን እጇን ሻሿ ሥር አስገባች። ሐሚድ አየው፤ አንገቱን ደፋ። አፉን ሊከፍት ሲል ሙሀባ ጀርባዋን ሰጠችው። የልጅቷ ስም እስኪጠራ ድረስ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ቆመች።