ከፌስታሉ ሥር

ቧንቧው አንዴ አጉረመረመ፤ ጥቂት ቀይ ውሃ ተፍቶ ጸጥ አለ። ሩሃማ እጀታውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ጸጉሯን ለማንጣት የቀባችው ብሊች በፌስታል እንደተጠቀለለ እየሞቀ ነበር፤ መጀመሪያ ያሳክካት የነበረው ቦታ አሁን ማቃጠል ጀምሯል።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ነገ ታናሽ እህቷ ትንሳኤ ታገባለች፤ ሩሃማም አንደኛ ሚዜ ሆና ከጎኗ ትቆማለች።

ቤተሰቡ ጸጉሯን ቀለም መቀባቷን ፋሽን ይለዋል። እውነቱ ግን ሩሃማ ገና ሃያዎቹን ሳትጨርስ መሸበቷ ነው። አባቷም በወጣትነቱ ሸብቶ ነበር፤ በእሱ ላይ ሲሆን ግን ሰዉ ሁሉ የክብር ምልክት አደረገለት። ባላገባች ሴት ላይ ሲሆን ምን እንደሚባል ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። በሯን ዘግታ ለዓመታት ጥቁር ቀለም ስትቀባ ኖረች። አምና ግን ቀለሙ ፊቷን አሳበጠው፤ ዓይኗ እስኪጨፈን ድረስ። ሐኪሙ ዳግመኛ እንዳትነካው አስጠነቀቃት። እቤት ስትገባ ዓሣ አልስማማኝ ብሎ ነው አለች።

መላ ያመጣችላት መዋቢያ የምትሸጠው ሀዲጃ ነበረች። «ሽበት የሚጮኸው በጥቁር ጸጉር ላይ ነው» አለቻት። «አንዴ ሳይሆን ቀስ እያልሽ አንጪው። ከዚያ ሽበቱ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል።»

ቀስ ማለቱ ግን ማለቂያ አጣ። ጸጉሯ ከጥቁር ወደ ቡኒ ሄደ፤ ከቡኒ ወደ ብርቱካንማ፤ እዚያም ላይ ግትር አለ። በብሊቹ ካርቶን ላይ የምትስቀው ሴት ጸጉር ማር ይመስላል፤ የሩሃማ የዛገ ቆርቆሮ። አንድ ጊዜ ብቻ ብደግመው ትላለች፤ ትደግመዋለች፤ ያው ነው። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ «ቲቸር ፋንታ» የሚል ስም አወጡላት። የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ትንሽ ሻሽ ነገር ጣል ብታደርጊ ሲል በትሕትና ለመናት። ትንሳኤ ደግሞ ዛሬ ጠዋት «ለአንድ ቀን እንኳ ጥቁር ተቀቢልኝ» አለቻት። «ፎቶው ዕድሜ ልክ ነው የሚኖረው።»

አልችልም ማለት ይገባት ነበር። እሺ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የመጨረሻውን የብሊች ዱቄት በጠበጠች። ዛሬ ማር ካልሆነ መቼም አይሆንም።

የበርሜሉን ክዳን ከፈተች። ባዶ ነው። ትናንት ከጨለለቅቱ የመጡት ዘመዶች የመንገዱን ጭቃ ታጥበውበታል። ያለው ውሃ ግቢ ውስጥ በጀሪካን ተደርድሮ እናቷ ወይዘሮ አትጠገብ የሚጠብቁት፣ ለነገው ድግስ የተቀዳው ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ሽንኩርት በሚልጡት ሴቶች ሁሉ ፊት ማለፍ አለባት።

ፎጣ ወስዳ በደረቁ ልትጠርገው ሞከረች። ፎጣውን ስታነሳው ከቅባቱ ጋር አንድ እፍኝ ጸጉር ይዞ ተነሳ። ለአፍታ ፈዝዛ አየችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሴቶቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ምንድነው እሱ?» አሉ እናቷ።

«ውሃ ስጪኝ እማዬ። ራሴ እየተቃጠለ ነው።»

«ለወጡ የቀዳሁት ነው። በሠርግ ዋዜማ እንኳ ይሄን ቀለም አትተዪም?»

ሩሃማ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የጨለለቅቱዋ አክስቷ ከሁሉም ቀድመው ተነሱ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ሳይለይ ስልሳ ዓመት ያገለገላቸው ሴት ናቸው። «ተው እንጂ፤ ልጁ ተቃጠለ እኮ» ብለው አንዱን ጀሪካን አንጠልጥለው ሩሃማን ከእንሰቱ ሥር አስጎነበሷት።

ውሃው ሲነካት ጥርሷን ነከሰች። የአክስቷ ጣቶች ጸጉሯ ውስጥ ሲመላለሱ ብርቱካንማው እየተበጣጠሰ ከአረፋው ጋር ወደ ጭቃው ወረደ። ድንገት እጃቸው ቆመ።

«ይሄ ሽበት ነው» አሉ አክስቷ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ድምፃቸው ግን ወፍራም ነው። ግቢው ሁሉ ሰማ።

ሩሃማ ቀና ስትል ትንሳኤ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ከጸጉር ቤት መምጣቷ ነው፤ ጸጉሯ በቢጉዲን እንደተጠቀለለ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ከመመረቅሽ በፊት ጀምሮ። ጥቁሩን ቀለም ፊቴ አልቀበል አለ። የዓሣው ነገር ውሸት ነው።»

«ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«ምን ብዬ? ታናሼ ስታገቢ እኔ ሸበትኩ ልበልሽ?»

ትንሳኤ የተነቀለውን ጸጉር አየች፤ ከዚያ የእህቷን ራስ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ቁጣም ነበረበት። «ነገ እኮ ነው ሠርጌ» አለች። «ዊግ ላስመጣልሽ?»

«አላደርግም። ደክሞኛል ትንሳኤ። እንዲህ ሆኜ መቆሜ ካሳፈረሽ ሌላ ሚዜ ፈልጊ።»

ትንሳኤ ሴቶቹን አልፋ ቤት ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ። ወይዘሮ አትጠገብ ሁለተኛውን ጀሪካን ራሳቸው አምጥተው በልጃቸው አንገት ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሩሃማ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

በሩ እንደገና ሲከፈት ትንሳኤ በርጩማና መቀስ ይዛ መጣች። በርጩማውን ጭቃው ላይ አስቀመጠች።

«ቁጭ በይ።» ድምጿ ገና አልበረደም።

ሩሃማ ተቀመጠች። ትንሳኤ ከኋላዋ ቆማ አንዱን እርጥብ የጸጉር ዘለላ በጣቷ ያዘች። መቀሱ ተከፍቶ ቆየ።

«እስከ የት ነው?»

«ነጩ ጋ እስክትደርሺ» አለች ሩሃማ።