የአባዬ ሦስት ኪሎ መዶሻ

አባዬ ድንጋይ ጠራቢ ነው። እኛ ቤት መዶሻ ማለት አንድ ነገር ነው፦ እጀታው እንደ ክንዴ የሚረዝም፣ ራሱ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ብረት። ሚስማር የምንመታው በእሱ ነው፣ የአልጋ እግር የምናስተካክለው በእሱ ነው፣ ለውዝ እንኳ የምንሰብረው በእሱ ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ቀጥ ብሎ የገባ ሚስማር አይቼ አላውቅም።

ብቻዬን ልኖር ክፍል ስከራይ አባዬ አንድ ውል አስገባኝ።

“እሑድ አራት ሰዓት እመጣለሁ። መጽሐፎችሽን መደርደሪያ ላይ ካየሁ እሰየው። መሬት ላይ ካየሁ ግን ልብስሽን ሰብስበሽ ወደ ቤት! አንዲት ሳንቃ መስቀል ያቃተው ሰው ቤት አያስተዳድርም።”

እሑድ ጠዋት ሳንቃውን፣ ሁለት የብረት ድጋፎችን፣ ስምንት ሚስማርና ከቤት ይዤው የወጣሁትን መዶሻ ደርድሬ ቆምኩ። በፊዚክስ ተመርቄያለሁ። መዶሻው በከበደ ቁጥር ሚስማሩ ቶሎ ይገባል፤ ስሌቱ አያሻማም። ስሌቱ ውስጥ ያልገባው ግድግዳው ነበር።

አንዴ መታሁ። ሚስማሩ ገባ። መዶሻውም ገባ። እኔም እስከ ክርኔ ገባሁ።

ከወዲያ ማዶ አንድ የሴት ድምፅ፦

“ቤቶች!”

እጄን ሳወጣ፣ ሰሃን በሚያክል ቀዳዳ ውስጥ አንድ ዓይንና ግማሽ መነጽር አየሁ። ጎረቤቴ ሶፋ ሠሪዋ ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

“ይግቡ” አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

“በየት? በዚሁ?”

ሳቄ አመለጠኝ።

“ትስቃለች ደግሞ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ችፑድ ነው፤ ቀለም ስለተቀባ ድንጋይ መሰለሽ? እስቲ የያዝሽውን አሳዪኝ... ውይ! ተራራ ነው የምትንጂው?”

“መደርደሪያ እየሰቀልኩ ነው፣ እትዬ። አባቴ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ካልሰቀልኩ ይወስደኛል።”

“ይውሰድሽ! ግድግዳዬ ይተርፋል።”

እንዲህ ብለው በበሩ ዞረው ሲመጡ ግን ሽርጣቸው ላይ ሦስት መዶሻ ሰክተው ነበር። አልጋዬ ላይ አጋደሟቸው። የአንደኛው ራስ ጎማ ነው።

“ይሄ እንጨት ከእንጨት ሲገጠም ነው፤ ጠባሳ አይተውም። ሚስማር ብትመቺበት ነጥሮ ግንባርሽን ይልሻል። ይቺ ሚጢጢዋ የሶፋ ጨርቅ መምቻ ናት። የቤት መዶሻ ይሄ ነው፤ ግማሽ ኪሎ። በፊቱ ይመታል፣ ከኋላ ባሉት ሁለት ጥርሶቹ ያበላሸሽውን ይነቅላል። አንቺ አብዝተሽ የምትፈልጊው የኋላውን ነው።”

ተቀብዬ ያዝኩት።

“ምነው አንገቱን አነቅሽው? ዶሮ ነው? ከጫፉ ያዥ! አንቺ አንሺው፣ የቀረውን ክብደቱ ይሠራዋል።”

ከዚያ ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ሄዱ። “ባዶ... ባዶ... ይኸው፣ ድፍን! እዚህ ጋ ከጀርባው ቋሚ እንጨት አለ።” ጣቴን እንዳልመታ ሚስማሩን በማበጠሪያዬ ጥርሶች መሃል አስያዙኝ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ቀጥ ብሎ ገባ! እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ሁለተኛው ተጣመመ፤ ነቀልኩት፤ መንቀሉም ደስ አለኝ። የመጨረሻው ላይ እሳቸውም አብረውኝ ይዘሉ ነበር። ወፍራሞቹን መጽሐፎች ሳንቃው ላይ፣ ቀዳዳው ፊት ገተርኳቸው፤ እሳቸውም የቤት መዶሻውን አልጋዬ ላይ ትተውልኝ ወደ ቤታቸው ሮጡ።

አባዬ ልክ በሰዓቱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ መስታወት ይዞ ገባ። ሳንቃውን በሁለት እጁ ተጫነው። ንቅንቅ አላለም።

“ማን ሰቀለልሽ?”

“እኔ።”

“ሚስማሩ ቀጥ ብሏል” አለ፣ ክስ በሚመስል ድምፅ።

“ሚስማር እንዲህ ነው ለካ፣ አባዬ።”

ጥግ የቆመውን መዶሻውን ሲያይ ፊቱ በራ። “እሱን ትተሽ በምን መታሽ? አምጪው! መስታወቱን እኔ ልስቀልና ሥራ ተማሪ።”

“አባዬ፣ እዚያ ጋ ባዶ ነው...”

“ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የጠረብኩ ሰው ነኝ!”

ለማስቆም ጊዜ ነበረኝ። ፈቀቅ አልኩለት።

መታ። እስከ ብብቱ ገባ።

“ቤቶች!” አሉ ከወዲያ ማዶ። “ይሄኛው ደግሞ ማነው?”

አባዬ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። “ይሄኛው?” አለ። መጽሐፎቹን አየ። መዝገበ ቃላቱን ሳብ ሲያደርገው አንድ ዓይንና ግማሽ መነጽር ሰላም አሉት።

“እንዴት አደሩ? ልጅዎት ጎበዝ ናት፤ የሷ ቀዳዳ ያንሳል። ግድ የለም፣ ሁለቱንም እንደ ሶፋ በጨርቅ አለብሳቸዋለሁ።”

የአባዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊቆጣ ነው ስል ሳቁ ፈነዳ፤ በሁለት ቀዳዳ ሦስት ሰው ሳቅን።

“እና ወደ ቤት ልትወስደኝ ነው?” አልኩት፣ እንባዬን እየጠረግሁ።

“በምን አፌ? እዚሁ ቅሪ።” መስታወቱን ከአልጋው አነሳና እጁን ዘረጋ። “ያንን ትንሹን አቀብይኝ።”

ግማሽ ኪሎውን መዶሻ ሰጠሁት። ገና ሲጨብጠው፦

“ከጫፉ ያዝ፣ አባዬ። ዶሮ አይደለም።”