የሰልፍ ማሟያ

መርማሪው በፍርድ ቤቱ ጋራዥ በር ብቅ ብሎ፣ «አንተ፣ ቁመትህ ልክ ነው፤ ና ሰልፍ አሟላልኝ» ሲለው፣ የሾፌሩ መፍቻ ከእጁ ሊያመልጥ ጥቂት ቀረው።

«የምን ሰልፍ?»

«የሻለቃው። ምስክሯ ከመሰሎቹ መሃል ትለየዋለች፤ ካልለየችው ዛሬውኑ ይለቀቃል። ያንተ ሥራ መገተር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ታውቅበታለህ።»

ባልደረቦቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ እምቢታ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይወልዳልና።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ሻለቃው ከድተዋል ያላቸውን ሦስት ወታደሮች ያለ ችሎት አስረሽኗል፤ ያውም ከሦስቱ የአንዱ እናት በሚኖሩበት ግቢ ጓሮ። ተኩሱ ለጎረቤት እንዳይሰማ የከባድ መኪናውን ሞተር ሲያስጓራ የነበረው ይኸው ሾፌር ነው። ለሚስቱ ያን ጊዜ ዱቄት ሲያመላልስ እንደነበር ነግሯት፣ ውሸቱን ራሱም ሊያምነው ደርሶ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው።

በጠባቡ ክፍል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሻለቃው ከሾፌሩ ጎን ቆመ። ጢሙን ተላጭቶ ከስቷል፤ ሾፌሩን ቀና ብሎም አላየው። ድሮስ መቼ አይቶት ያውቅና?

እናትየዋ በዝግታ ገቡ።

«አይዞዎት እማማ» አለ መርማሪው፤ «የሚያውቁት አለ?»

«ፊት አላየሁም ልጄ። ዕቃ ቤት ቆልፈውብኝ ነበር። ‹ሞተር አስነሳ፤ እስክልህ እንዳታጠፋ› ሲል ነው የሰማሁት።»

የሾፌሩ ትንፋሽ መለስ አለ፤ ግን አፍታም አልቆየ። መርማሪው ሁሉም ያንን ቃል ተራ በተራ እንዲሉት አዘዘ። መጀመሪያ የቆሙት ሁለት ሰዎች ቃሉን አሉት። ሻለቃው ድምፁን አቅጥኖ፣ እንደ በሽተኛ ተለማምጦ አለው። እናትየዋ አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ይለቀቅ፣ የኔም ጉድ አብሮት ይቀበር ሲል ሾፌሩ ተመኘ፤ ወዲያውም በምኞቱ አፈረ።

«ጎላ አድርገህ» አለ መርማሪው። «አልተሰማም። እንደገና።»

መታዘዝ ያልለመደው ሻለቃ ደሙ ፈላ። «ሞተር አስነሳ፤ እስክልህ እንዳታጠፋ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ አንድ ድምፅ።

ሾፌሩ ድምፁ የራሱ መሆኑን ያወቀው ሻለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ሲያየው ነው። የሾፌሩ ቀኝ እግር ነዳጅ እንደሚሰጥ ሲሚንቶውን አጥብቆ ረግጧል።

እናትየዋ ተጠጉ። ሻለቃውን በጣታቸው አመለከቱና አለፉት፤ ሾፌሩ ፊት ቆሙ።

«‹እሺ› ያልከው አንተ ነህ፤ ያ ድምፅ አይጠፋኝም። ልጄ መጨረሻ ላይ የተናገረው ነገር ነበር፤ ሞተሩ አላሰማ አለኝ። አንተ ቅርብ ነበርክ። ምን አለ?»

ደግ ውሸት ፈለገ፤ ስምዎን ጠራ ቢላቸው ይበቃቸው ነበር።

«እማማ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔም ከሞተሩ በቀር የሰማሁት የለም።»

መርማሪው ቀስ ብሎ መጥቶ ክንዱን ያዘው።